ለዘር የተተወችው የጉሮሮ ቅጠል

ይድረስ ለወንድሜ ለተስፋው አሥራተ ማርያም፤ አስመራ።

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ክረምቱን እንዴት ወጣኸው፣ በጋውንስ እንዴት ያዝኸው? ያ የጉልበትህ ቁርጥማት ለቀቀህ ወይስ አሁንም እርጥብ መሬት ላይ እየተንበረከክህ ታስቆጣዋለህ? ባለቤትህ እትዬ ይታየሽ እንዴት ናት? ሕፃኑ ገብረ አምላክስ ጥርስ አወጣ? ቆሞ ሄደ? የናፍቆታችሁን ነገር ልጻፈው ብል ወረቀቱ ለሌላው ወሬ አይተርፍምና ልለፈው። እኛ፣ ያቆየን አምላክ ይመስገን፣ ሁላችንም አለን። አባታችን ዓይናቸው ከባሰበት ወዲህ ዳዊቱን በቃላቸው ነው የሚደግሙት፤ እግራቸው ግን ዛሬም ያለ መሪ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል። ባለቤቴ ደሞዝ ደህና ነው፤ ገብሱን ሰብስቦ ጨርሶ አሁን አጥር በማደስ ላይ ነው። እኔም በሥጋዬ ደህና ነኝ። በሥጋዬ ማለቴ ያለ ነገር አይደለም፤ ዝቅ ብለህ ስታነብ ታገኘዋለህ።

በማር ነጋዴው በዋሴ እጅ የላክኸው ደብዳቤ ለገና በዓል ሳምንት ሲቀረው ደረሰኝ። ስምንት የጉሮሮ ቅጠል ተክል በቅሎልኛል ብዬ ስለጻፍሁልህ «ጎበዝ እህቴ፣ አባቶቻችን ያልቻሉትን አደረግሽ» ብለህ አሞግሰኸኛል። የምትሠራበት የአትክልት ቦታ ጌታም ዘሯን ለማየት እንደጓጓ ነግረኸኝ፣ አንዲት ቁንጥር በዋሴ ላኪልኝ ብለሃል። ወንድም ዓለም፣ ዋሴ ማሩን ጭኖ በኮረም በኩል ሲመጣ ይህን ወረቀት እንጂ ዘር አያመጣልህም። እሱን እንዳትቆጣው፤ ሦስቴ ተመላልሶ ጠይቆኛል፣ የከለከልሁት እኔ ነኝ። ያሞገስኸኝ ነገሩን ግማሹን ብቻ ስለነገርሁህ ነው። ቀሪውን ግማሽ ልጽፍልህ ነው ዛሬ የተቀመጥሁት፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለእትዬ ይታየሽም እንደምታነብላት አውቃለሁ። እሷ የአስመራ ልጅ ናትና የዋግን ነገር ከሥሩ ካልነገሯት «እነዚህ ሰዎች ለአንድ ቅጠል ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚጨነቁ?» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ አንተ የምታውቀውንም ብደግመው ታገሠኝ። እትዬ፣ የጉሮሮ ቅጠል የምንላት ከጉልበት የማታልፍ ቁጥቋጦ ናት። ግንዷ ባለ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሏ እንደ ጥጃ ጆሮ ጠጉር ለበስ ነው፤ ሲያሹት ሽታው እጅ ላይ ይውላል። ከዳማከሴና ከጦስኝ ወገን ናት፣ ፈረንጆቹ ሳልቪያ ይሏታል ብሎ ተስፋው ጽፎልኛል። በእኛ አገር የልጅ ጉሮሮ ሲያብጥ «እንጥሉ ወረደ» ይባልና ልጁ ወደ እንጥል ቆራጭ ይወሰዳል። የሚቆረጥበትን ብረት አይቼዋለሁ፤ ስለ እሱ አልጽፍልሽም። የአባታችን የቄስ አሥራተ ማርያም ቤት ግን ሌላ መንገድ ነበረው። ቅጠሏን ቀቅለው፣ ማር ጠብ አድርገው ሕፃኑን ሦስት ጠዋት ያጉመጠምጡታል፤ እናቲቱንም ሦስቱ ቀን ሳያልቅ ልጇን ብረት እንዳታስነካ በመስቀላቸው ይገዝቷታል። ቅጠሏ ታድን እንደሆነ ወይም ብረቱን ብቻ ታስቀር እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ሁለቱም ይበቃኛል። ከሩቁ ከደሃና፣ ከፃግብጂ ሳይቀር ልጅ አዝለው የሚመጡ እናቶች ነበሩ።

የቅጠሏ ሕግ አንድ ነበር፤ አበባ ሳታይ ትቆረጥ። አበባ ካየች ኃይሏ ወደ አበባው ይሄዳል፣ ቅጠሏ ጭድ ይሆናል ይላሉ አባታችን፤ አያታችንም እንዲሁ ይሉ ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ቁጥቋጦዎቹ ሁሉ እስከ ግንዳቸው ይከረከማሉ፣ ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ለዓመቱ ይቀመጣል። አባታችን ልጅ ሳሉ ከጊዮርጊስ ጀርባ ያለው ቁልቁለት እስከ ወንዙ ድረስ የእሷ ነበር አሉ። እኔ ሠላሳ ያህሉን ደርሼባቸዋለሁ። በሃምሳ ስምንቱ ድርቅ ፍየሎቹ የቀሩትን ጨረሷቸውና ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር አንዲት ብቻ ተረፈች። ሰዉ ኃጢአታችን ነው ያጠፋት አለ፤ ካህናቱም ምሕላ ያዙ። አበባ የማታይ ተክል ከየት ዘር ታመጣለች ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጤፉን ሳያፈራ የሚያጭድ ገበሬ ቢኖር አገር ይስቅበት ነበር፤ በእኛ ግን የሳቀ የለም።

በስድሳ ዓ.ም. አንተ ከአስመራ «ዘር ከፈለግሽ አንድ ዓመት አትንኪያት፤ ታብብ፣ እዚያው ትድረቅ» ብለህ ስትጽፍልኝ ያን ቃል ለአባታችን አላነበብሁላቸውም። ፊደሉን ያስተማሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ወንዶቹ ልጆች ሲያጠኑ ከበሩ ሥር አስቀምጠው። በዚያው ፊደል አታለልኋቸው፤ ሰላምታህን ብቻ አንብቤ ወረቀቱን አጠፍሁ። ጳጉሜን ሲደርስ ማጭዱን ይዤ ወጣሁና ባዶ እጄን ተመልሼ «አባባ፣ ፍየል በልታታለች» አልኋቸው። ዓይናቸው ደህና ቢሆን ኖሮ ሄደው ያዩ ነበር። «የአባቴ ቤት በእኔ ተዘጋ» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ሁለት ቀን እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። እኔ በሆዴ፣ ግድ የለም፣ ለዓመቱ እክሳቸዋለሁ እያልሁ ድንጋዩ ሥር ሄጄ በእሾህ አጠርኋት።

በመስከረም አጋማሽ አበበች። ወንድም ዓለም፣ ሃያ ስድስት ዓመት ከእሷ ጋር ኖሬ አበባዋን ያን ቀን ገና አየሁት። ነጭ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለበት። ንቦች እንዴት እንደሰሙ አላውቅም፣ በሦስተኛው ቀን ከበቧት። ደስ ብሎኝ ልሞት ነበር፤ ግን ለማን ይነገራል? ለደሞዝ እንኳ አልተነፈስሁም።

አበባው ሳይረግፍ የአገኘሁሽ ልጅ ታመመች። እትዬ፣ አገኘሁሽ ከአጥራችን ማዶ ያለች ጎረቤታችን ናት፤ አብረን ውኃ እየቀዳን፣ አብረን እየተገረፍን ያደግን ነን። ልጇ ደጅይጥኑ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ድምፅ ያላት ልጅ ነበረች፤ በጥምቀት እልል ስትል ታቦቱን ያከበሩት ቄስ ሳይቀሩ ፈገግ ብለውላታል። ጉሮሮዋ አብጦ ምራቋን መዋጥ ሲያቅታት እናቷ አዝላት ከአባታችን ደጅ ቆመች። እሳቸውም «ልጄ፣ ቅጠሏ እኮ አልቃለች፤ እግዜር ይማርልሽ» ብለው አለቀሱ። እኔ በሩ አጠገብ ሰፌድ ይዤ ገብስ አንጓልል ነበር፤ እጄን አላቆምሁም።

ድንጋዩ ድረስ ሩቅ አይደለም። ሄጄ አንድ እፍኝ መልምዬ ብመጣ ገብሱን የማንጓልልበትን ጊዜ ያህል እንኳ አይፈጅብኝም ነበር። ቅጠሏ ከተመለመለ ዘሩ ይመክናል ብዬ ሰጋሁ። ደግሞም «አበባ ካየች ወዲህ ምን ኃይል አላት?» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አየህ ነገሬን! ሕጉ ሲከለክለኝ አላመንሁበትም፣ ሲያመቸኝ አመንሁበት። ከሁሉ በላይ ግን አባታችን ውሸቴን እንዳያውቁብኝ ፈርቼ ነው። ይህችን መስመር መጻፍ ነው ሁለቱን ወረቀት ያስቀደደኝ።

በማግስቱ አገኘሁሽ ልጅቷን ለእንጥል ቆራጩ ወሰደቻት። ሁለት ቀን ደማች፣ ሁለት ሳምንት አተኮሳት። አልሞተችም፤ ለዚህ አምላኬን አመሰግናለሁ። ድምፅዋ ግን ተመልሶ አልመጣም። ስትናገር እንደ ተሰነጠቀ ቅል ነው የሚሰማው፤ ወተት ስትጠጣም በአፍንጫዋ ይመለስባታል። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ዶሮ ስትጠራ እሰማታለሁ። ዶሮዎቹ ስለማይሰሟት በእጇ እያጨበጨበች ነው የምትሰበስባቸው።

ዘሩን በኅዳር ለቀምሁ። በየአበባዋ ጽዋ አራት አራት ፍሬ ነው ያለው፤ አብዛኛው ግን ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ነጠላዬን ከሥሯ አንጥፌ ቀስ አድርጌ ባራግፋት፣ ሁሉ ተሰብስቦ የመዳፌን ጉድጓድ አልሞላም። በሚያዝያ ግማሹን ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍሁት። ጥቂት ቆይቼ ባየው እንደ ተልባ ዝልግልግ ብሎ እርስ በርሱ ተጣብቋል። በሰበሰብኝ ብዬ እያለቀስሁ አመድ ቁልሉ ላይ ደፋሁት። ተልባ ስትዝለገለግ በሰበሰች የሚል ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔ ግን አልሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔስ አፍስሼ ዶሮ ለቀመችው። መዝለግለጉ ጠባይዋ መሆኑን የነገርኸኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ዶሮዋን አርጄ ብበላት ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን የአገኘሁሽ ዶሮ ናት።

ሁለተኛውን ግማሽ እንዳልኸኝ አደረግሁ። በጋን ስባሪ ላይ የወንዝ አሸዋና ያረጀ ፍግ ቀላቅዬ፣ ዘሩን ሳልቀብር እንደ ጤፍ ከላይ በተንሁትና በመዳፌ ተጫንሁት። ውኃውን በቅጠል ነክሬ እየረጨሁ በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ዘጠኝ በቀሉ። ሁለቱ ከአንገታቸው ቀጥነው ወደቁ፣ ሰባት ቀሩ። ከእናቲቱ ተክልም በሰኔ አምስት ቅርንጫፍ ከአንጓው ሥር ቆረጥሁና የታችኛውን ቅጠል መልምዬ አሸዋ ውስጥ ተከልሁ፤ ቂጡ የወለቀ እንስራም ደፋሁባቸው። አራቱን ውኃ አብዝቼ አበሰበስኋቸው፤ አንዷ ሥር ሰደደች። እናቲቱ ራሷ ክረምቱ ሳይወጣ ደርቃ ቀረች። ስምንት ያልሁህ እነዚህን ነው፤ አንተም ጎበዝ አልኸኝ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። ባለፈው ጳጉሜን አንዲት ቅጠል ቀጥፌ በአባታችን መዳፍ ላይ አኖርሁ። አሹት፣ አሸተቱት፣ ከከንፈራቸው አስነኩት። እልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ከየት እንደመጣ ጠየቁኝ። ስለ ፍየሏ፣ ስለ አበባው፣ ስለ ደጅይጥኑ ያለውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ተክሎቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቁኝ፤ ስምንት ናቸው አልኋቸው። «ታዲያ ይህን ለእኔ የምትነግሪኝ ለምንድን ነው? የታመመችው የእኔ ልጅ አይደለችም» አሉ። ስግደት እንዲያዙኝ፣ የወደዱትን ቅጣት እንዲሰጡኝ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እሳቸው ግን «አበባ ሳታይ ትቆረጥ እያልሁ ያስፈጀኋት እኔ ነኝ፤ የእኔን ለእኔ ተዪልኝ። አንቺ ያንቺን ይዘሽ አጥሩን ተሻገሪ» አሉኝ።

አጥሩን ለመሻገር ሁለት ወር ተኩል ፈጀብኝ። አንድ ቀን ቆርጬ ሄድሁና እሳት ልወስድ ነው የመጣሁት ብዬ፣ ፍም በገል ይዤ ተመለስሁ፤ ቤቴ እሳቱ አልጠፋም ነበር። በዚህ መካከል አባታችን እንደገና ልጆች ማጉመጥመጥ ጀምረዋል። አራቱን ተክል ለቅጠል ቁረጪ፣ አራቱን ለዘር ተያቸው አሉኝ፤ ከእሳቸው አፍ ይህን እሰማለሁ ብዬ አልሜም አላውቅ። ዘንድሮ ስድስት ልጆች መጥተው አንዳቸውንም ብረት አልነካቸውም። እናቶቻቸው ወጥተው ሲሄዱ ይመርቁኛል፤ ምርቃቱን አሜን ብዬ መቀበል ያቅተኛል።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት ሄድሁ። አገኘሁሽ ደጃፏ ላይ ባቄላ ስትፈለፍል አገኘኋትና አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነገርኋት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከጀመርሁ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፣ መፈልፈሏንም አላቆመችም። ያን ቀን ቅጠሉ እንደነበረ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ነበረ አልኋት። እኔም እዚያው በሩ አጠገብ ቆሜ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ቆሜ ነበር አልኋት። ባቄላውን ጨርሳ ገለባውን አራገፈች፣ ልጇን በእጇ ይዛ ገባችና በሩን ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ኮቴ ሰምቼ ብወጣ አገኘሁሽ እንስራዋን አዝላ ቆማለች። ከወንዙ መምጣቷ ነው፣ ወደ ቤቷ አልገባችም። ከዚህ እስከ ወንዙ ያለውን ዳገት አንተ ታውቀዋለህ። ውኃውን በየተክሉ ሥር፣ ቅጠሉን ሳታረጥብ፣ አንድ በአንድ አፈሰሰች፤ ስምንቱንም። ላመሰግናት አፌን ስከፍት «ለእነሱ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም» አለችኝ። በአማርኛ አለችኝ። እኔና እሷ አፍ ከፈታንበት ቀን ጀምሮ የምንነጋገረው በአገውኛ ነው፤ አማርኛ ለዳኛና ለእንግዳ ነው የምናወጣው። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ደርቋል፣ እሷም አንድ ጠዋት ቀርታ አታውቅም። እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ ውኃው ሲፈስ እሰማለሁ፤ ሄዳ እስክትጨርስ አልወጣም።

እንግዲህ ስለ ዘሩ። ዘንድሮ ከአራቱ የለቀምሁት በጨርቅ ተቋጥሮ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ካምናው በብዙ ይበልጣል። ለዋሴ ልሰጠው ሁለት ጊዜ እጄን ዘርግቼ መልሻለሁ። የለቀምሁት እኔ ነኝ፣ የባረኩት አባታችን ናቸው፣ የተከፈለበት ግን በሌላ ሰው ልጅ ጉሮሮ ነው። አገኘሁሽ ላኪው ካለችኝ በሚቀጥለው ነጋዴ እልክልሃለሁ። ጣዪው ብትለኝስ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ግን፣ ወንድም ዓለም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አልጥለውም። በጥምቀት ዕለት ደጅይጥኑ ሴቱ ሁሉ እልል ሲል አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆማ አየኋት፤ ቤቴ ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት ግን ቋጠሮው በቦታው መኖሩን ነው። የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ተጸጽቻለሁ፣ ግን ያን ዓመት ብመለስበት ምን እንደማደርግ ለእግዜርም ለመንገር እፈራለሁ። አንተ ታላቄ ነህ፤ ምከረኝ፣ ከፈለግህም ተቆጣኝ። ጎበዝ የምትለዋን ቃል ብቻ ተውልኝ።

አባታችን በመስቀላቸው ባርከውሃል፤ ጉልበትህን በሞቀ ጨው እሰረው ብለዋል። ለእትዬ ይታየሽ ካለችበት ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ታሪኩን ሰምታ ብትጠላኝም አልፈርድባትም። ሕፃኑን ገብረ አምላክን ሁለት ጉንጩን ሳሙልኝ፤ ጉሮሮውን ብርድ እንዳያገኘው ጠብቁት፣ ቢያመውም ከሐኪም በቀር ማንም እንዳይነካው። ደሞዝ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል፤ እሱም ሁሉን ከሰማ ወዲህ ንግግሩ አጥሯል፣ አጥሩን ግን ለአገኘሁሽ መግቢያ በአንድ በኩል ከፍቶ ትቶላታል። ከአገኘሁሽ የምልክልህ ሰላምታ የለኝም፤ ዛሬም ጠዋት መጥታ፣ አጠጥታ ሄደች።

እህትህ ጥሩሐረግ አሥራተ ማርያም
ሰቆጣ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.